«ያምራል» ሌላ፣ «ያምርብኛል» ሌላ

አምና ሰኔ ላይ አንድ ሰፊ ሱሪ ገዛሁ። ወገቡ ከፍ ያለ፣ እግሩ እንደ ጉርድ ቀሚስ የሚወዛወዝ፣ ጥቁር። ቲክቶክ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ጥዬበት ከርሜያለሁ። ሱቅ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ወዲህ ወዲያ አልኩ። ሻጯ «የኔ ቆንጆ፣ ላንቺ ብለው የሰፉት ነው የሚመስለው» አለችኝ። ሻጭ ሌላ ምን ትላለች? ከፈልኩና ይዤው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዘነበ። ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ታክሲ ውስጥ ስገባ የሱሪው ጫፍ ረጥቧል። ቢሮ ስደርስ እርጥበቱ ባቴ ላይ ደርሷል። ጨርቅ ውሃን ወደ ላይ ይስባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው። ቀኑን ሙሉ እግሬ እንደቀዘቀዘ ዋልኩ። ማታ ሳወልቀው የሰፈሬ አፈር ጫፉ ላይ ተጋግሯል።

ሱሪው ያምራል። ያምርብኛልም። ግን አይዋልበትም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አላት። «ያምራል» ስንል የምናወራው ስለ ልብሱ ነው። «ያምርብሻል» ስንል አንዲት «ብ» መሃል ትገባና ሰውነትን ይዛ ትመጣለች። እኔ በዚያችው «ብ» ሦስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «እውልበታለሁ?»። ቪዲዮ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። የሱቅ መስታወት፣ መብራቱ ካልዋሸ፣ ሁለተኛውን ይመልሳል። ሦስተኛውን የሚያውቁት የእናንተ ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ናቸው። የልብስ ገንዘባችን በብዛት የሚባክነውም እሱን ሳንጠይቅ ስንከፍል ነው።

ጥቅሉን መፍታት

«ሰፊ ሱሪ መጥቷል» ሲባል በአንድ ስም የሚጠራው የብዙ ነገር ጥቅል ነው። አቆራረጡ አለ። የወገቡ ከፍታ አለ። ርዝመቱ፣ ጨርቁ፣ ቀለሙ አለ። ከምን ጫማና ከምን ሸሚዝ ጋር እንደሚለበስ አለ። ሰው ግን ጥቅሉን እንዳለ ይገዛል፤ ካልሆነለትም እንዳለ ይጥላል። «ሰፊ ሱሪ ለኔ አይሆንም» ይላል። የኔ ሱሪ ጥፋቱ ርዝመቱና ጨርቁ ላይ ነበር። ቅርጹና ወገቡ ምንም አላደረጉኝም። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

ከጥቅሉ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ጠባብ ጂንስ ከ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ነግሧል። እንደዚያ ሰውነት ላይ እንዲጣበቅ ያደረገው ከጥጡ ጋር የተቀላቀለው ተለጣጭ ክር ነው። ክሩን በ1958 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት ሠራው፤ ላይክራ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ዓይን ጠባቡ ሰለቸውና ወደ ሰፊ ዞረ። እንዲህ ያለው ዥዋዥዌ የቆየ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ዲዮር የተባለው ፈረንሳዊ ዲዛይነር ፓሪስ ላይ እጅግ ሰፋፊ ጉርድ ቀሚሶችን ሲያሳይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተመጠነ ጨርቅ የኖረው ሰው ገሚሱ ተደነቀ፣ ገሚሱ ብክነት ነው ብሎ ተቆጣ።

እኛም ቤት ቁጣ ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲቀርብ ተማሪዎች «የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃውመው ረብሻ ተነሥቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የስንቱ ወላጅ አልበም በቤልቦተምና በአፍሮ ተሞላ። በቤታችሁ የዚያን ዘመን ፎቶ ካለ አውጥታችሁ እዩት። ሱሪው ዛሬ ቦሌ ከተሰቀለው ብዙም አይርቅም።

የእንግሊዙ የአለባበስ ታሪክ አጥኚ ጄምስ ሌቨር ይህን ዑደት በ1937 እ.ኤ.አ. እንደ ቀልድ አድርጎ ደርድሮታል። አንድ ልብስ ከዘመኑ አሥር ዓመት ቀድሞ ከታየ ነውር ነው። በዘመኑ ሽክ ያሰኛል። አሥር ዓመት ካለፈው ያስጠላል፣ ሃያ ካለፈው ያስቃል። መቶ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ውብ ይባላል። እስከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያቆይ ሰው አላውቅም።

ይህ ለኪስ ምን ይነግረናል? ቅርጽ ሲለወጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ጥሩ ገንዘብ ሊወጣበት ይችላል። ጌጡ ግን ቶሎ ያልፋል። የተነፋ እጅጌ፣ ደረት ላይ የተጻፈ ትልቅ ስም፣ የዓመቱ ቀለም፣ እነዚህ በርካሽ የሚሞከሩ ናቸው። ትከሻው የተቀደደው ሸሚዝ ትዝ ይላችኋል? ሁሉም ሰው ነበረው። አሁን የት ነው ያለው?

ትከሻ የእግዜር ነው

ሰውነትን በፍራፍሬ የሚከፍል ምክር ሞልቷል። ፒር ነሽ፣ ፖም ነሽ ይላል፤ ጁስ ቤት የገባን ይመስል። እኛም የራሳችን «ስምንት ቁጥር» አለን። ለወሬ ጥሩ ነው። ልብስ ለመግዛት ግን ብዙም አይረዳም። ሁለት «ፒር» የተባሉ ሴቶች አንዷ ረጅም ባት፣ ሌላዋ ረጅም ወገብ ካላቸው አንድ ዓይነት ሱሪ አይሆናቸውም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። የሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ ሲንገራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አንገታቸው ላይ ሜትር፣ ጆሯቸው ላይ ጠመኔ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ልብስ ስገዛ መጀመሪያ ምኑን ልይ?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«ትከሻውን። ወገብ እኔ ጋ ይጠባል፣ እግር እኔ ጋ ያጥራል። ትከሻ የእግዜር ነው።»

ይህን ነገር የነገርኩት ልብስ ሰፊ ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። የኮት ወይም የጃኬት ትከሻ ካልገጠመ ለማስተካከል እጅጌውን ነቅሎ፣ ገበሩን ፈትቶ፣ ኮሌታው ድረስ መሄድ ነው። የሥራው ዋጋ ኮቱ ላይ ሊደርስ ይችላል። ወገብ ማጥበብና ርዝመት ማሳጠር ግን ቀላል ነው። ማስፋት መሃል ላይ ነው፤ የሚወሰነው ውስጥ በተረፈው ጨርቅ ነው። ልብሱን ገልብጡና ስፌቱን እዩ። ከስፌቱ ወዲያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ካለ ተስፋ አለው። ኦቨርሎኩ፣ ጨርቁ እንዳይተረተር ጫፉን የሚይዘው ክር፣ ስፌቱ አጠገብ ከቆመ የለውም። ፋብሪካ ጨርቅ ይቆጥባል። ሰልባጅ ውስጥ የሚገኙ የድሮ ኮቶች በዚህ በኩል ቸር ናቸው፣ ውስጣቸው ብዙ ትርፍ አለ።

ቀጥሎ የማየው ከወገብ እስከ ጭን መጋጠሚያ ያለውን ርዝመት ነው። ስለሱ ብዙም አይወራም፤ ሱሪ ግን የሚበላሸው እዚያ ነው። ይህ ርዝመት ከሰው ሰው በደንብ ይለያያል። አጭር የሆነበት ሰው ወገበ ረጅም ሱሪ ሲለብስ ቀበቶው ጡቱ ሥር ይደርሳል። ረጅም የሆነበት ሰው ደግሞ አሁን ተመልሶ የመጣውን ወገበ ዝቅተኛ ሱሪ ለብሶ ሲቀመጥ ጀርባው ይራቆታል። ሲቆም ሁለቱም ደህና ናቸው። ስለዚህ ሱሪ ስትለኩ ተቀመጡ። መቀመጫ ከሌለ ቁጢጥ በሉ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ሌላው የልብሱ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዓይን ጨርቅ አልቆ ሰውነት ወይም ሌላ ቀለም በሚጀምርበት መስመር ላይ ይቆማል። ሸሚዙ የዳሌያችሁ ሰፊው ቦታ ላይ ካለቀ ሰው የሚያየው እዚያ ነው። ያንን ከፈለጋችሁት እሰየው። ካልፈለጋችሁ አራት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሙሉ ለውጥ ያመጣል። አጭር ጃኬት ቁመተ አጭር ሰው ላይ የሚያምረውም ለዚህ ነው፤ እግር ከፍ ብሎ የጀመረ ይመስላል።

«ወፍራም ሰው አግድም መስመር አይልበስ» የሚለውን ምክር ግን እርሱት። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ነገር አስተውሏል። ሁለት እኩል ካሬዎች ሥሩ። አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቁም መስመሮች ሙሉት። አግድሙ ያለው ካሬ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይታያል። በእንግሊዝ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ቶምሰን የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ በሰው ምስል ላይ ሞክሮ፣ አግድም መስመር አያወፍርም የሚል ውጤት አግኝቷል። ስለዚህ ያ ሰማያዊና ነጭ ቲሸርት ከመሳቢያ ይውጣ።

ኦቨርሳይዝ ላይ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወንዶች፣ ይሸወዳል። ኦቨርሳይዝ ማለት ትልቅ ቁጥር መግዛት ማለት አይደለም። በንድፉ ሰፊ የሆነ ቲሸርት ደረቱና ትከሻው ይሰፋል እንጂ አንገቱ አንገት ላይ ይቀመጣል። ሚዲየም ለባሽ ሆናችሁ ደብል ኤክስ ኤል ስትገዙ ግን ሁሉም ነገር አብሮ ያድጋል። አንገቱ ይከፈታል፣ እጅጌው ክርን አልፎ ይወርዳል፣ ወንድሙ ያወረሰው ልጅ ያስመስላል። መለያው አንገቱ ነው። እሱን እዩ።

አንድ የሱቅ ምስጢር ልጨምር። መስኮት ላይ የቆመውን አሻንጉሊት ከኋላው ዞራችሁ እዩት። ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፎቶ የሚነሱ ሞዴሎችም እንደዚያው ከጀርባ ይቆነጠጥላቸዋል። እኛ ያንን እያየን ራሳችንን እንወቅሳለን።

ቁጥሩንም ብዙ አትመኑት። በተለመደው ሰንጠረዥ የአሜሪካ 6፣ የእንግሊዝ 10፣ የአውሮፓ 38 አንድ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ግን ከቱርክ፣ ከቻይናና ከዱባይ የመጣው አንድ መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል። አንዱ 40 ሲሆናችሁ ሌላው 44 ይጠይቃል። ወፈራችሁ ማለት አይደለም። ለባሹን ደስ ለማሰኘት ቁጥሩን አሳንሰው የሚጽፉ አምራቾችም አሉ። ከውጭ ዘመድ «ልብስ ልላክልሽ፣ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ሲል የወገብ፣ የዳሌና የትከሻ ልካችሁን በሳንቲም ላኩለት። የምትወዱትን ሱሪ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ብትለኩት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ክሩን አቃጥለው

መርካቶ ጨርቅ ተራ ቆማችሁ ካወቃችሁ ይህን አይታችሁ ይሆናል። ገዢው «ጥጥ ነው?» ይላል። ሻጩ መልስ ሳይሰጥ ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ይመዛል፣ ላይተር ይለኩሳል። ክሩ እንደ ወረቀት ሸቶ ወደ ልፍስፍስ አመድ ከተለወጠ ጥጥ ወይም እንደ ጥጥ ከተክል የተሠራ ነው። ከተኮማተረ፣ ከቀለጠና ጫፉ ላይ ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ፖሊስተር ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሁለቱንም ካደረገ ቅልቅል ነው። ቤት ውስጥ ስትሞክሩት ክሩን ከልብሱ አርቁ፤ የእህቴን ሹራብ ቀዳዳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልዩነቱ ምን ይጠቅማል? መቶ ግራም ደረቅ ጥጥ በተለመደ የአየር እርጥበት ውስጥ 8.5 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። የበግ ሱፍ ወደ 16 ግራም ይደርሳል። ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላብ ሲመጣ ፖሊስተር አይጠጣውም፤ ቆዳችሁ ላይ ይተወዋል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ ቀትር ላይ፣ ያ የሚያምር የሳቲን ሸሚዝ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሁሌም ጥጥ» ማለትም አያዋጣም። ውሃ የማይጠጣ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ በረንዳ የተሰጣ ወፍራም ጂንስ ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ ፖሊስተር ያለበት ሱሪ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሳይተኮስም ይለበሳል፤ መብራት በጠፋ ጠዋት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኔ ሱሪ ቪስኮስ ነበር። ከእንጨት የሚሠራ፣ ለስላሳ፣ ሲራመዱ የሚፈስ ጨርቅ ነው። ውሃ ደግሞ ከጥጥም በላይ ይጠጣል። ያንን ሰኔ ላይ መግዛት፣ በእርጥብ መሬት ላይ ስፖንጅ መጎተት ማለት ነበር።

የአየሩን ነገር ቪዲዮዎቹ ፈጽሞ አያውቁትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ፣ ቀን ከ20 በላይ ይወጣል። በአንድ ቀን ሁለት ወቅት ነው። ለዚህ ከተማ የሚሠራ ፋሽን የሚደረብና የሚወለቅ ነው፤ ከሥር ቲሸርት፣ መሃል ሸሚዝ፣ ከላይ ጃኬት። ሰፊ ጃኬት ፋሽን ሲሆን ለእኛ የተመቸን ለዚህ ይመስለኛል፤ ከሥሩ ሹራብ ይገባል። ድሬዳዋ ላይ ያው ጃኬት ቅጣት ነው። እዚያ ሽርጥና ድሪያ ከማንም ዲዛይነር በፊት መልሱን ሰጥተውታል፤ ስስ ጨርቅ፣ ነፋስ የሚገባበት ስፋት።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። «ለጠይም ይህ፣ ለቀይ ዳማ ያ» የሚለውን ሁሉ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ልብሱን ይዛችሁ ወደ ሱቁ በር ውጡ፣ አገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ፊታችሁ ከፈካ ፈካ ነው። የሱቅ መብራት ቀለም ይለውጣል።

የሁለት ሳምንት ወረቀት

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። አንድ ወረቀት ውሰዱና ለሁለት ሳምንት የዋላችሁበትን ጻፉ። ለማንም አይታይም። ሥራ፣ ታክሲ፣ ልጅ ማድረስ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶ፣ ቡና ከጓደኛ ጋር፣ ሶፋ። ከዚያ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ።

አንዲት ባንክ የምትሠራ ጓደኛዬ ይህን ስታደርግ ሳቀች፣ ቀጥላም ተናደደች። በሳምንት አምስት ቀን ተኩል ዩኒፎርም ትለብሳለች። ቁም ሳጥኗ ግን በቢሮ ኮት ተሞልቷል፤ ፋሽን ነው ተብሎ አራት ገዝታለች። ለቅዳሜ ከሰዓትና ለእሑድ የሚሆን ደህና ነገር የላትም። የገዛችው ላልኖረችው ኑሮ ነበር። ሁላችንም እንዲህ ያለ ሰው ውስጣችን አለ። የኔዋ በየሳምንቱ ራት ግብዣ ትሄዳለች። ተረከዝ ጫማዎቿ አሉኝ፣ እሷን ግን አግኝቻት አላውቅም።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ያሳያል። አውቶቡስ የምትይዙ ከሆነ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክሮፕ ቶፑ፣ ወገብ ሳይደርስ የሚያልቀው አጭር ልብስ፣ አብሮ ይወጣል። ልጅ የምታቅፉ ከሆነ ረጅም ጉትቻና ክር የሚመዘዝ ሹራብ ዕድሜው አጭር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚገባ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚት በማሰሪያ የሚቋጠር ቡትስ ከመግዛቱ በፊት፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚፈታበትን ደቂቃ ያስብ። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ከምንም ፋሽን በፊት አንድ ንጹሕ ጥቁር ልብስ ዝግጁ መሆን አለበት። ነጭ ስኒከር ፋሽን በሆነበት ዘመን በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ ሰው ከጫማው ጋር ብሩሽና ሳሙና አብሮ እንደገዛ ይቁጠረው።

የዋጋ ሒሳቡም ከወረቀቱ ይወጣል። ዋጋውን ለምትለብሱት ጊዜ አካፍሉት። በ2,400 ብር የተገዛ ሱሪ 60 ቀን ከተለበሰ በቀን 40 ብር ነው። በ1,800 ብር የተገዛ ቀሚስ ሁለቴ ለብሳችሁት ከተሰቀለ አንዱ ቀን 900 ብር ወጣበት። ርካሹ የትኛው ነው? ላውንደሪ ብቻ የሚታጠብ ከሆነ የላውንደሪውንም ደምሩ። እኔ ይህን ሒሳብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በስልኬ ካልኩሌተር እሠራለሁ። ሻጮች አይወዱኝም።

ሽፎን ወይስ ፈትል

ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ሲጋጭ ያየሁት የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ጥር ነበር። አንዷ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥታለች፤ ሽፎን የሀበሻ ቀሚስ ነው የያዘችው። አክስቴ በበኩሏ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ፈትል አሠርታለች። አክስቴ ሽፎኑን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አየችው።

«ይሄ ቀሚስ ነው መጋረጃ?»

«እትዬ፣ ሻንጣ ውስጥ ይህን ያህል ነው የሚይዘው» አለች ልጅቱ፣ ጭብጧን እያሳየች።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሽፎኑ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። አይጨማደድም፣ ይታጠፋል፣ ከውቅያኖስ ማዶ ለሚመጣ ሰው ምቹ ነው። ሲጨፍሩበት ይንሳፈፋል። ግን ስስ ስለሆነ ገበር ይፈልጋል፣ ገበሩም ብዙ ጊዜ ያው ላብ የማይጠጣው ዘር ነው። እግር ላይ ይጣበቃል። በእጅ የተፈተለውና የተሸመነው ፈትል ሌላ ነገር ነው። ከበድ ይላል፣ ያሞቃል፣ ላብ ይጠጣል። እንጦጦ ሥር ያሉት የሽሮ ሜዳ ሱቆች የሚሸጡት ሸማ ብዙው ከጋሞ፣ ከዶርዜ በመጡ ሸማኔዎች እጅ ያለፈ ነው። የሚያሠራ ሰው ቀደም ብሎ መሄድ አለበት፣ እጥበቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አክስቴ ከንጋት ጀምራ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ እንግዳ የምትቀበል ናት፤ ለጥር ብርድ የሚያዋጣት ፈትሉ ነው። ልጅቱ ማታ አዳራሽ ውስጥ የምትጨፍር ናት።

ቅርጹም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በነባሩ ቀሚስ ላይ ጥበቡ ከደረት ወደ ታች በመሃል ይወርድና ጫፉን ይዞራል። ዓይን እሱን ተከትሎ ይወርዳል። አሁን ፋሽን የሆነው ጥበቡን ወገብ ላይ እንደ ሰፊ ቀበቶ ማዞር ነው። ወገቡን ማሳየት ለሚፈልግ ሰው ድንቅ ነው። የማይፈልግ ሰው ግን ሸማኔው ጨርቁን ሳይጨርስ፣ ጥበቡ የት እንደሚያርፍ በጣቱ እያሳየ ይነጋገር። ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ለሠርግ ፎቶ ሲሆን ደግሞ እኔ ወደ ቀላሉ አዘነብላለሁ። የሠርግ አልበም ሃያ ዓመት ይገለጣል፤ የሌቨር «ያስቃል» የሚደርሰውም ልክ ያኔ ነው።

ሱሪው

ሱሪዬን መስከረም ላይ ወደ ጋሼ ወሰድኩት። ካላሳጠሩልኝ ልተወው ነበር።

«ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ።

«ይኸው አድርጌያለሁ።»

«ይሄን አይደለም። በየቀኑ የምታደርጊውን።»

ተመልሼ ስኒከሬን አድርጌ መጣሁ። ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፣ አንድ ጉልበታቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ አሰመሩ። «ተራመጂ» አሉኝ። እስከ ሱቁ ጥግ ሄጄ ተመለስኩ። «ተቀመጪ።» ተቀመጥኩ። ከዚያ መስመሩን በአንድ ጣት ከፍ አደረጉት። ስቀመጥ ሱሪው ወደ ላይ እንደሚሳብ ያውቃሉ፤ ስራመድ ደግሞ ተረከዜ ሥር እንደሚገባ። በሁለቱ መሃል ነው የቆረጡት። ወደ ውስጥ ሦስት ሳንቲም እጥፋት ተዉልኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን ተረከዝ ጫማ የምታደርገዋ ሴትዮ ከመጣች ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እለብሰዋለሁ። በቀን 40 ብር የሚለው ሒሳብ ካለፈ ቆይቷል።

ያን ዕለት ከፍዬ ስወጣ ጋሼ ጠሩኝ። ከሁለቱ እግሮች የተቆረጡትን ቀለበት ቀለበት ጨርቆች ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ውሰጂው። ጉልበቱ ሲሳሳ ከራሱ ጨርቅ እንጥፈዋለን።»

ኮመዲኖዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።